የጠራዡ ዓርብ

ሸዋ በር፣ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከቆርቆሮ በር ጥላ፣
አበጋዝ ጠራዡ አለ፣ ማለዳ ሙጫ ሲያፈላ።
እኔ ክር አከርርለታለሁ፤ ጭጋግ ወርዷል ከጦሳ፤
ዓርብ ነው፤ ስቅለትም ጁምዓም፣ ባንድ ጎህ የተነሣ።

ካንድ ጣውላ ተጋድመዋል፣ ሁለት በሽተኛ መጻሕፍት፤
አንዱን በስቶታል ጥይት፣ በዚያ ባስጨነቀን ጥቅምት፤
(የቱን እንደሆነ አልናገርም)
ሌላውን ሰው አልነካውም፤ ያበሰበሰው ክረምት።
ሸህ ሙሄ ልከዋል ቀድመው፣ «ከአዛን በፊት ይድረስ» ብለው፤
መርጌታ ቢሻው ደግሞ «ዋ! ስግደቱ ሳይጀመር!»፣ ጣታቸውን ቀስረው።

ገጹን ስደረድር ዓይኔ፣ ካንዱ ላይ አረፈ ድንገት፦
ባለ ሁለት ቀንዱ ንጉሥ፣ ፀሐይ እስከምትጠልቅበት
ሲሄድ፣ ብረት አቅልጦ፣ ቅጥር ሲያቆም ለሰው።
(እስክንድር ነው ይላል አንዱ፤ አይደለም ይላል ሌላው።)
ከሌላው ላይ በቀይ ቀለም፣ አርባ አንዴ የሚደጋገም፣
«ኪርያላይሶን»፤ የፅርዕ ቃል፣
ፍቺው ሳይጠየቅ የሚያሰግድ ሁሉንም።

«ጋሼ፣ ግሪኩ እስክንድር፣ ደሴ የመጣው መቼ ነው?»
አበጋዝ ሳቀ፤ መርፌውን፣ በጥርሱ እንደነከሰው፦
«ፈረሱ ግብፅ ላይ ቆመ፤ ወዲህ ኮቴው አልደረሰም፤
ይቺ መቃ ግን መጣች፤ ንጉሥ እንደላካት አታውቅም።
ግሪክ ‹ካላሞስ› አላት፤ ዓረብ ተቀብሎ ‹ቀለም›፤
እኛ ከመቃዋ ይልቅ፣ ጥቁር ውሃዋን አልነው ቀለም።

«ጢሮስን ታውቃታለህ? በባሕር ተከባ ሳለች፣
ዳር ያለች አሮጌ እኅቷ፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈረሰች።
በቤቶቿ ድንጋይ ደልድሎ፣ ባሕሩን ረግጦ ገባ፣
ስንቱን እናት እያስነባ።
እሱንስ ንዳድ ገደለው፣ ገና ጎልማሳ ሳለ፤
መንገዱ ግን ቀረ፤ ጸሎት፣ ሲመላለስበት ዋለ።»

ዝም አልኩ። ያ ድንጋይ እኮ፣ የሰው ምድጃ ነበረ፤
የሰው ደጃፍ፣ የሰው መደብ፤ ማን ስሙን ዘከረ?
እኛስ፣ ያን ጥቅምት የፈረሰው፣ ግንባችን፣ መስኮታችን፣
ለማን ጸሎት ይሆን መንገድ?
አልወጣም ካፋችን።

ሸህ ሙሄ ገለጥ አድርገው፣ «ሙጫው ይሸታል» አሉኝ፤
አምስት ብር አጎደሉብኝ።
መርጌታ ጭራሽ አላዩኝም፤ ግንባራቸው አፈር ነክቷል፤
አርባ አንዱ ተጀምሯል።

ጥይቱ የበሳትን አንዲት ቃል፣ አበጋዝ አልደፈናትም፤
አንባቢዋ በቃሉ ያውቃታል፤
እዚያ ሲደርስ ግን ድምፁ፣ እንደ ድሮው አይፈስም።