አርባ ሚሊሰከንድ

ጠዋት ጠዋት ስወጣ፣ ትራሜን ሳስነሣ፣
«በቀኝ አውለኝ» እል ነበር፣ አንድም ቀን ሳልረሳ።
ሃያ ዓመት ተኩል በጎተንበርግ ሐዲድ
ወንዙን ስሻገረው፣ ስመጣና ስሄድ፣
አንድ የኅዳር ማለዳ ጸሎቴ ደረሰ፦
ቀኜ ብቻ ዋለ፣
ግራዬ ፈረሰ።

«ስትሮክ መታው» አሉ።
ቋንቋዬ ቆጣቢ ናት፣ አንድ ግሥ ይበቃታል፦
ከበሮ ይመታል፣ ልብም ይመታል፣
ግጥም ቤት ይመታል፣
በሽታም ሰው ይመታል።

ኡልሪካ፣ የእጅ ሐኪሜ፣ አድራሻ ጻፈችልኝ፣
ሂሲንገን፣ ቤተ መጻሕፍት ሥር፣ ምድር ቤት ሰደደችኝ።
ሼርኮ የሚሉት ሰው፣ ግንበኛ የነበረ፣
አንድ ሣጥን ጎትቶ «ተቀመጥ» ብሎ ጀመረ።
ካሆን ይሉታል፤ እንጨት ነው፣ ባዶ ነው፣
ሥራው ጀርባው ላይ ሆኖ ደረቱን መደለቅ ነው።

«መሀሉን በቀኝህ፣ ዱም። ጠርዙን በግራህ፣ ጣ።
አትቸኩል። እግርህ ይቁጠር፣ እጅ ሲጠራ ይምጣ።»

ዱም። ጣ የለም።
ዱም። … ጣ መጣ፣
አንድ እግር ጫማ ጠፍቶበት
እንደሚያረፍድ ተማሪ በሩን ገፍቶ ገባ።

እኔ!
ሁለት ደቂቃ ሳረፍድ ሰሌዳው ቀይ የሚበራብኝ፣
ሯጭ ተሳፋሪ መስኮት ሲደበድብ
ዞሬ እንኳ ያላየሁት፣
አሁን የገዛ እጄን ፌርማታ ላይ ቆሜ
ስጠብቅ ከረምሁ።

የሼርኮ የእንጀራ ልጅ ሊኔያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ማይክሮፎን ደቅና ላፕቶፗን ከፈተች።
ምቴ ስክሪኑ ላይ እንደ አባጨጓሬ ተዘረጋ፣
ጠጉራም፣ አረንጓዴ፤
ከሥሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ልክ እንደ ሐዲዴ።
ዱም ሐዲዱ ላይ ነው። ጣ ወጥቷል፣ ሣር ላይ ነው።
ለካችው። «አርባ» አለች፣ «አርባ ሚሊሰከንድ ነው።»
«ስንት ነው እሱ?»
«ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ አለ? የዚያ ሲሶው።»

በረዶውን ሙሉ «ትንሽ ይዘገያል» ብቻ ነበር ያሉኝ፤
ስንት እንደሆነ የነገረኝ የመጀመሪያው
ይሄ ኮምፒዩተር ነው።

«ላስተካክለው?» አንድ ቁልፍ ነካች።
ምቶቹ ተሰለፉ፣ ጫማው እንደተወለወለ ወታደር።
አደመጥሁ።
ጎበዝ ነበር ሰውየው። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።
ግራ እጄን አየሁት፤ ጭኔ ላይ ተኝቷል፣
በቦታው ሌላ ሰው እንደተቀጠረበት
ዝም ብሏል፣ ግራ ገብቶታል።

«መልሺው» አልኋት።
መለሰችው። ከዚያ አራት ምት ቆርጣ
ጅራቱን ከራሱ ገጥማ አዞረችው፦
ዱም … ጣ፣ ዱም … ጣ፣
ያው ዘገምተኛ፣ ሳይሰለች፣ ሳያፍር፣
ከሥሩ ቤዝ ገባ፣ ከላዩ ጭብጨባ።
«አንዴ ከዘገየ ስሕተት ነው» አለች ማስቲካዋን እያኘከች፣
«ሁልጊዜ እዚያው ከዘገየ ግን ያንተ ነው።»
ሼርኮ ራሱን ነቀነቀ፤
የዘገየው ላይ ነው የነቀነቀው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህም እዚያም
ቤት ሳይመታ ያመለጠ ስንኝ ብታይ አትቆጣ፤
እሱን የጻፈው ግራዬ ነው።

በሰኔ አሥራ ስምንት ሆነ። ኡልሪካ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ አጨበጨበች።
እኔም ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።
ግን የዚያን የበረዶ ወቅት ፋይል አላጠፋሁትም፣
«ጣ አርባ» ብዬ ስም አወጣሁለት።

ማታ በስድስት ቁጥር ትራም፣ ተሳፋሪ ሆኜ ስመለስ፣
ሾፌሯ ወጣት ናት፣ አላውቃትም፤
በሩን ልትዘጋ ስትል
አንድ ሰው ከሩቅ ይሮጣል፣ ከረጢቱ እየተላጋ።
ሰዓቴን አየሁ። በቀኜ ጉልበቴን መታሁ፦ ዱም።
በሩ ክፍት ነው።
አሁንም ክፍት ነው።
ሰውየው ገባ።
ጣ።