ደባባ

ጀህራ፤ ዓርብ ከሰዓት፤ አቧራው እንደ ጉም።
ሽማግሌው ከዚህ ሌላ መሄጃ የለውም።
ጋሪውን እገፋለሁ፤ ጎማው አሸዋ ይበላል፤
ከኋላችን ሚሽዓል አይስክሬሙን ይልሳል።

ከሽቦው አጥር ውስጥ፣ በሲሚንቶው ወለል፣
ጡረታ የወጣ ብረት ፀሐይ ይሞቃል፤
አፈሙዙ ሁሉ በብየዳ ተደፍኗል።
ጎማ የሌለው መድፍ፣ ክንፉን የጣለ ሮኬት፤
አንድ የቤንጋል ልጅ ቱቦ ይዞ ያጥባል ከሥር ከሥራቸው ገብቶ በደረት።
ለሁሉም ቁጥር አለው፣ ለሁሉም ሰሌዳ፤
«መውጣት ክልክል ነው» ይላል ለመጣ እንግዳ።

ሽማግሌው ሌላውን አያይም።
አረንጓዴው የተላጠ፣ ሰንሰለቱ የዛገ፣
ክብ ራሱን ደፍቶ ጥግ የፈለገ
አንድ ታንክ አለ፤ እሱ ጋ ስንደርስ አቆማለሁ፣
ፍሬኑን እረግጣለሁ፣
ጥላዬን ፊቱ ላይ አሳርፋለሁ።
እሱም ካፉ ጥግ ያለ የሌለ ምራቁን
ለቅሞ፣ እንትፍ! ይልበታል፣ በቀጥታ ደረቱን።

ወንድሙን ጃሲም ይለዋል። ከበር ነው የወሰዱት፣
በቤት ጫማ እንዳለ፣
እንዲህ ያለ ታንክ መንገዱን ዘግቶ ሳለ።
አንድ እግር ጫማው ብቻ ደጅ ላይ ወድቆ ነበረ፤
ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ጥያቄው ብቻ ቀረ።
ይህን የነገረኝ ሾርባ ሳጎርሰው ነው፣
በማንኪያና በማንኪያ መካከል።

እኔ ግን አልነገርሁትም።
ስልኬ ውስጥ ፎቶ አለ፤ ከፎቶ የተነሳ ፎቶ፤
ዳር ዳሩን ብል በልቶት፣
አንድ ወጣት ይስቃል፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
በዚሁ ዓይነት ሰንሰለት ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣
ክንዱን በመድፉ አንገት እንደ ሚዜ ጠምጥሞ።
ሃምሳ አለቃ ጥላዬ። ምጽዋ ገባ፤ አልወጣም።
የካቲት ሰማንያ ሁለት። እኔ ገና አልዳኽሁም።

አንድ ቀን ሰሌዳው ሥር ቆሜ በጣቴ ቆጠርሁ፤
የነሱን ዘመን ወደኛ መለስሁ፤
ስምንት ቀነስሁ።
ሰማንያ ሁለት ሆነ፤ የሐምሌ ማለቂያ። ያው ዓመት!
በየካቲት የኛ ቤት፣
በሐምሌ የሱ ቤት።
ምናልባት ባንድ ፋብሪካ፣ ባንድ ወዛደር እጅ
የተበየዱ መንትዮች፤ አንዱ እኛ ደጅ፣ አንዱ እሱ ደጅ።

ዛሬም ተፋበት። ዛሬም ሶፍት መዘዝሁ፤
አገጩን ጠረግሁለት፤
ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እጄን ሰደድሁ፣
ብረቱንም ጠረግሁ።
ይፋጃል። ምራቁ ቀድሞ ደርቆ ነበር።

ሽማግሌው አየኝ። ልጁ መላሱን ተወ።
መባረሬ ታየኝ፤ ፓስፖርቴ በሱ እጅ ነው።
«ሌሽ?» አለኝ። ለምን?
የወጥ ቤት ዓረብኛዬ ከሽንኩርትና ከሳሙና አያልፍም፤
ለሐዘን የሚሆን ቃል አልሸመትሁም።
«ባባ» አልሁት። እሱንም የምጠራው ባባ ብዬ ነው።
ወደ ብረቱ ጠቆምሁ፤ «ደባባ።»
በነሱ አፍ ታንክ ማለት ነው።
ቃሉን ከፍቶ ላየው፣ ባባ ውስጡ ቁጭ ብሏል፣
ክዳኑን ከላይ ዘግቶ።

ፎቶውን አሳየሁት። ስልኩን አስጠጋ፣ አራቀ፣
ደግሞ አስጠጋ።
ጥላዬን ብዙ ቆይቶ አየው።
«ማት?» አለኝ። ሞተ?
«ማ አድሪ።» አላውቅም።
ይችን ቃል ግን ያውቃታል፤
ከሠላሳ ዓመት በላይ ተንተርሷታል።

ይቅር አላለም። ማን ጠየቀው? ማንን ይበል?
ፍሬኑን ለቀቅሁ። ሚሽዓል የአይስክሬሙን እንጨት
ሰንሰለቱ መሀል ሰክቶ ሮጠ።
ከኋላችን የቱቦው ውሃ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ጢስ አለ።
በሩ ጋ ስንደርስ ሽማግሌው፣ ሳይዞር፣
ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው ቀስ ብሎ
«ደባባ» አለ፤
እኔም ከጋሪው ኋላ፣ በነሱ ይሁን በኛ ቋንቋ ሳይለይልኝ፣
ሆዴ ባባ።