ግሸን በቸርችል በኩል

ግሸን ነበር ስለቴ፣ በእግሬ፣ ያለ መኪና፣
ሽመክት ወንድሜ ከዚያ አልጋ ቢነሳልኝ በጤና።
ግን ማን ይተወዋል? ጥቁር አንበሳ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣
ሌሊት ውሃ የሚለኝን ጥዬ እንዴት ልራቅ?
የንስሐ አባቴ ሰሙኝ፤ ጢማቸውን ዳበሱና፣
«እግዜር እርምጃ ነው የሚቆጥር፤ አገሩን ተይው» አሉና
ወደ ቅዳሴ ገቡ።

እኔም ጀመርኩ። በየማታው፣ ከሥራ ስወጣ፣
ከጊዮርጊስ ደጅ ቁልቁል፣ ቸርችልን ይዤ ለገሀር፣
ከለገሀር ሽቅብ፣ ደግሞ ቁልቁል፣ እግሬ እስኪማረር፤
በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ ኪሎ ሜትሩን በእርሳስ
እደምራለሁ፣ በታክሲ ሰልፍ መሃል፣ በጭስ፣ በትርምስ።

ሽመክት የደሴ መስመር ሾፌር ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
ኩርባውን በቃሉ ይዞታል፣ እንደ አቡነ ዘበሰማያት።
«ዛሬስ የት ደረስሽ?» ይለኛል፣ አፉ ደርቆ፣ በሹክሹክታ።
«ጣርማበር።» (ፖስታ ቤቱ ጋ ነው፣ የሞላልኝ ትናንት ማታ።)
«ጉም አለ?» «አለ።» «መብራት አብሪ። ዋሻው ጋ ቀኝሽን ያዢ።
ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ በማርሽ እንጂ በፍሬን አትውረጂ።»

ቁልቁለቱን በማርሽ ወረድኩ፣ ጉልበቴን እየሰማሁት፤
ለካ ሰው መሄድ ሲያበዛ ከአካሉ ይተዋወቃል፣ እንደ ጎረቤት።

ደብረ ሲና ያልኩት ቤት፣ ባለ አረንጓዴው መስኮት፣
በሳምንቱ ሳልፍ የለም። ቆርቆሮ አጥር። ዶዘር ቆሞበት።
ደብረ ሲና ፈረሰ ይባላል እንዴ ለበሽተኛ?
«ደህና ናት» አልኩት። ፈገግ አለና ተኛ።
ሸዋ ሮቢት፣ «ሞቀኝ» አልኩት፤ ፒያሳ ግን ሰኔ ነበር፣
ካልሲዬን ጨምቄ ነበር ከበረንዳ በረንዳ የምሻገር።

ኮምቦልቻ የደረስኩ ቀን አልጋው ተነጥፎ ጠበቀኝ።
ነጭ አንሶላ፣ አራት ጥግ። ነርሷ ቀና ብላ አላየችኝ።

ለቅሶ ቤት፣ «በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ «የተሳልሽለት ከሄደ
ስለቱም አብሮ ወረደ።»
እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ሃይማኖት ብዙ አላውቅም።
ብቻ ሽመክት መንገድ መሃል የቆመ መኪና አይወድም።

ከአርባው ማግስት ጫማዬን አሰርኩ። ደሴ። ኩታበር። ወገልጤና።
አሁን «የት ደረስሽ?» የሚል፣ ኩርባ የሚነግረኝ የለምና
ስንቴ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ስንቴ ከኋላ ጀመርኩ፤
አንድ ምሽት ብሔራዊ ቲያትር ፊት ሳላስበው አለቀስኩ።
ሎተሪ አዟሪው «እህቴ፣ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ።
ደረስሽ ያለኝ መሰለኝ።

ግሸን፣ ይላሉ የሄዱ፣ አምባዋ መስቀለኛ ናት።
የኔ ኪሎ ሜትር የሞላው ሐሙስ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ቀይ መብራት እንደ በራ፣
አጠገቤ ሶፍት ሻጭ፣ ጡሩምባ ከቀኝ ከግራ።
እልል የሚል አልነበረም። የመብራቱን ምሰሶ
ተሳለምኩት በግንባሬ፤ ብረቱ በዝናብ ርሶ
ቀዝቅዞ ነበር። ጫማዬን ልፈታው ጎንበስ ስል
ሊስትሮው ሳጥኑን አስጠጋ፣ ጭቃዬን ሳይጠየፍ፣ ቀለል
አድርጎ፦
«እግርሽን እዚህ አድርጊው።»