ሞላ ጎደለ

ግሪኖክ ይዘንባል፤ ይህ ዜና አይደለም፤
ከክላይድ ወንዝ በላይ ደረቅ ሰማይ የለም።
ሰዎች አሮጌ ዕቃ ከመኪናቸው ኋላ ዘርግተው ሲሸጡ፣
ላስቲክ ከልለውበት፣ ከላስቲኩ ሥር ሻይ እየጠጡ፣
ከሕፃን ጋሪና ከዛገ መጥበሻ መሃል ተጋድሞ
አገኘሁት፣ የገዛ ገመዱ ባንገቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ።

«ስንት ነው?» አልኩት ሰውዬውን። «አራት ፓውንድ፤
ለበር ማስደገፊያ ይሆንሃል፤ ውሰድ።»

ወሰድኩ።

ቤቴ ውስጥ ስልሳ አንድ ኪቦርድ አለ። ይህ ስልሳ ሁለተኛው ነው።
ጀልባ ጣቢያ ቲኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ጡረታዬን የምበላው በዚህ ነው።
አንዱ ማግኔት አለው፤ ብረት ብረትን ሳይነካ
ወሬ ያቀብላል፤ ሐሜትም እንዲህ ነው ለካ።
አንዱ በየቁልፉ ሥር ጠባብ የብርሃን መስኮት አለው፤ ጣት ሲወርድ ይጋረዳል፤
ጨለማዋ ናት ፊደል የምትሆነው። ከኦሳካ የመጣው ደግሞ
ሲጫኑት ፍርድ ሊያነብ እንደተነሣ ዳኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
አንዱ ስፖንጅ ነበረው፤ በስብሶ፣ ብል እንደበላው ጨርቅ ረገፈ፤
እሱን ገና አልጠገንኩም፤ ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

ከታች የሚኖረው ማክአስኪል በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይመታል፣
ሌሊት ስጽፍ። አራቴ ይመታል። አራት ነጥብ ይሆናል።

ይኸኛው ግን ባለ ሞላ ነው፤ በየቁልፉ ሥር አንድ ቀጭን ሞላ፣
ጣት ሲጫነው ይታገሣል፣ ይታገሣል፣ ወገቡ ይጎብጣል ኋላ፤
ጠቅ!
ሲጎብጥ ነው የሚናገረው። ቀጥ ብሎ ሳለ ዝም ይላል።
(ይህን ስለ ሰው ማለት እችል ነበር፤ ስለ ሞላ ማለቱ ይበቃል።)

መቶ ሁለቱን ቁልፍ ፈተንኩ፤ መቶ አንዱ መለሰ።
ኤን ላይ ስደርስ ጣቴ ድምፅ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ፈሰሰ።
ፈትቼ፣ በባትሪ መብራት አየሁ፤
ሞላ ጎደለ።

ፋርማሲ የምትሠራው ሎርና ነች የነገረችኝ፤ «ፋብሪካው ሳይዘጋ
ሞላ ትተክል የነበረች አለች፤ ሂድና ጠይቅ፣ ሴንጋ።»

ሴንጋ። ፊደሎቹን ከኋላ ወደፊት ሲያነቧቸው፣ አግነስ፤
የአያቷ ስም ነው፤ ድሮ እዚህ ስም ይገለበጥ ነበር፣ እንደ ውርስ ልብስ።
ጆሮዋን ያ አዳራሽ ወሰደው፤ ሁለት መቶ ሴት፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቀኑን ሙሉ፤
«ደመወዙ ጥሩ ነበር» አለች፤ «ሌላውን ሐኪሞቹ ያውቃሉ።»

በወረቀት ጻፍኩላት፦ ኤን ላይ ሞላ ጎደለ።
አነበበች። ሳቀች። ሄዳ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣች፤
አዝራር፣ ክር፣ የባሏ የቀብር ደረሰኝ፣
ከሥር፣ በመጨረሻው የሥራ ቀን በጡት መያዣዋ ሸሽጋ ያወጣቻት
አንዲት ሞላ።
«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጡረታዬ» አለችኝ።

ኪቦርዱን ሊያገሣ እንደሚያዝ ሕፃን በቁመቱ ትከሻዋ ላይ ያዘችው፤
«ተጋድሞ ከሆነ ሞላው መሃሉን ይስታል» ብላ፣
መነጽር ሳታደርግ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሰካችው።
ቆርቆሮዋን ከደነች።
አሁን እዚያም ሞላ ጎደለ።

ከዚያ ጻፈች። ስክሪን የለም፤ ገመዱ የትም አልተሰካም።
ኤ። ጂ። ኤን።
እዚህ ቆየች። ደገመችው። ኢ። ኤስ።
ከዚያም የመጣችበትን መንገድ ተመለሰች፣
ኤስ። ኢ። ኤን።
ከአያት ተነሥተው ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ አያት ቢሄዱ
ከመሃል የማትነቃነቀው እሷ ናት፤ ቀሪዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ።

«ተሰማህ?» አለችኝ።
«ተሰማኝ» አልኩ። «አንቺስ?»
ከንፈሬን አየች፤
ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሣ
«ተሰማኝ» አለች።