አሥራ አራት ቀን

ግዲኒያ፣ ወደቡ አጠገብ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ የመመለሻ መስኮት፣
እዚያ ነው ሥራዬ፤ ሰው ገዝቶ የተጸጸተውን ቆጥሬ ማስገባት።
ደረሰኝ አያለሁ፣ ካርቶን እከፍታለሁ፣
ገመዱን፣ ላስቲኩን፣ የሲም መርፌዋን ሳይቀር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

በየሁለት ሐሙሱ ቦጉሚል ይመጣል፤
ዝናብ ያረጠበው ባርኔጣውን አውልቆ ሰልፉ ውስጥ ይቆማል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን የነዳ ሰው፣
ትልቁን ስልክ እንኳ መዳፉ ሲዘጋ ፈጽሞ የሚውጠው።

የሱቁ ደንብ ነው፦ ያልወደደ ገዢ በአሥራ አራት ቀን
ይመልስ፣ አይጠየቅ። እሱ ግን ሳልጠይቅ ይነግረኛል ምክንያቱን።
ሰዓቱን ሲመልስ፦ «በወንድሜ ቀብር፣ ካህኑ ሲጸልይ፣ እጄ ላይ ነዘረ፤
‹ተነሥና ሂድ› አለ። ሟቹ አልሰማም እንጂ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲል አፈረ።»
ጆሮ ማዳመጫውን፦ «የውጭውን ጫጫታ ያጠፋል ብላችሁ፤
አጠፋ። ሃልሽካ ስትጠራኝ አልሰማሁ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣
እሷም ቀዘቀዘች፤ ውሰዱት፣ ይኸውላችሁ።»
ታብሌቱን፦ «መልካም ነው፤ ግን በምኑ ይያዛል? የለው እጀታ፤
መስታወት ስዳብስ ከማመሽስ ድመት አለችኝ፣ እሷ ቢያንስ ድምፅ አላት ማታ።»

ባልደረባዬ ካሽያ ታሾፍበታለች፤
«ሽማግሌሽ መጣ፣ ሱቁን በሙሉ በነጻ የሚቀምሰው» ትላለች።
እኔም ስቄ አውቃለሁ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ላፕቶፕ ይዞ ሄደ።
ልጁ ናት የመከረችው፤ «ዊንዶውሱ ይብቃህ፣ ማክ ይሻልሃል» ብላው፤ እሱም ወደደ።
በሦስተኛው ቀን መጣ። ካርቶን አልያዘም፣
«ልመልስ» አላለኝም።
«መዝጊያው» አለኝ፣ «መዝጊያው ግራ ላይ ነው ልጄ።
ዕድሜዬን በሙሉ በቀኝ ነው የምዘጋው፤ አሁን ባዶ ጥግ ላይ ትጫናለች እጄ።
ለመቅዳት፣ ለመለጠፍ፣ ትንሿ ጣቴ ነበረች ባለሥልጣን፤
ሹም ሽር ሆነና አውራ ጣት ተሾመ፤ እሷ ግን አልለቅም ብላለች ወንበሯን።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ክርኑን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ፣
«የዛሬ አርባ ዓመት» አለኝ፣ «አሮጌው ክሬን ወጥቶ አዲስ ተተከለ፤
የግራና የቀኙ ዘንግ ሥራቸው ተዛውሮ፣ ተላልፎ።
ሳምንት አሠለጠኑን። ሁላችን ተማርን፣
ተፈተንን፣ አለፍን፣ ፈረምን።
ራስ ቶሎ ይገባዋል። እጅ ግን ፊርማ አያውቅም።
ሌሸክ የሚባል ነበር፣ ከእኔ የሚበልጥ፣ ጎበዝ፤ በአንድ ነፋሻ ሌሊት
ኮንቴነሩን ሊያነሣ ፈልጎ ለቀቀው፤ ልማድ ነው ያሳበው የድሮውን ዘንግ ድንገት።
ብርቱካን ነበረበት፣ የገና ብርቱካን፤ ተሰንጥቆ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ፣
እስኪነጋ ድረስ በጥቁሩ ውኃ ላይ ሲተራመስ አነጋ፣ ማንም አልቀመሰ።
ሥሩ ሰው አልነበረም፤ እግዜር አወጣው። ሌሸክ ግን ከዚያ ወዲያ መሰላሉን አልወጣም፤
እጁን ጃኬት ኪስ ከቶ፣ ‹አላምናትም› ይለኝ ነበር፣ ‹የገዛ እጄን አላምናትም›።»

ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ታዲያ» አልሁት፣ «ይህን ሁሉ ዕቃ ለምን ትገዛለህ?»
መዳፉን ገልብጦ አየው፣ እንደ ተበደረው ነገር።
«ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ትማር እንደሆን ልይ ብዬ ነበር።»

ሐሙስ ሆነ፣ አሥራ አራተኛው ቀን። ካሽያ ባሥር ዝሎቲ ተወራረደችኝ፦
«ይመልሳል፤ ካልመለሰ ስሜን ቀይሪልኝ።»
ሳልፈልግ በሩን አያለሁ። አንድ ፕሪንተር ተመለሰ፣ ሁለት ስልክ፣ የተሰነጠቀ ካሜራ።
ሊዘጋ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ባርኔጣው እየተንጠባጠበ፣ ቦጉሚል ገባ፣ ባዶ እጁን።
«የቻርጀሩ ገመድ» አለ፣ «አልጋዬ ድረስ አይደርስም። ረጅሙ አላችሁ?»
ሦስት ሜትሩን ሰጠሁት፤ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ ከፈለ ዋጋውን።
ደረሰኙን ቆርጬ ዘረጋሁለት።

ገመዱን ኪሱ ከቶ ወጣ።
ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።