የጀልባዋ ሽቦ

ባዝል፣ ራይን ወንዝ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሒሳብ ይዤ አመሸሁ፣ ዳሩ የማይታይ።
አሲድ አራት መቶ፣ አሚን ዘጠኝ መቶ፣
አልዴሃይድ ስድሳ፣ ከየሻጩ መጥቶ፤
እርስ በርስ ሳጋባ፣ ሦስቱን ሳባዛቸው፣
ሃያ አንድ ሚሊዮን ተሻገረ ቁጥራቸው፤
ስም ያልወጣላቸው፣ ወረቀት ያዘላቸው፣
እንኳን ዘመድ አዝማድ ጠረን የሌላቸው።

ማባዛትስ ነጻ ነው፤ ማን ከልካይ አለበት?
መሥራት ነው ጣጣው፣ ጉድጓድ መሙላት።
ሳህኗ ፕላስቲክ ናት፣ መዳፍ የምታህል፤
ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ጉድጓድ አላት፤
አንዷ ጉድጓድ ብትታይ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤
በጀቱ አራት ሳህን። አምስተኛ የለም።

የመጀመሪያውን ገደብ እኔው ነኝ የጣልኩት፤
ክብደት ከአምስት መቶ እንዳያልፍ ያልኩት።
ስብ መውደዱም ይመጠን፤ ውሃ የጠላ ሁሉ
ደም ሊገባ ሲነሳ ይጠፋዋል ውሉ።
ይህ አላመመኝም። የገዛ ሕጌ ነው።

ያመመኝ የሬጉላ ነው፣ የግዢ ኃላፊዋ፤
ስሟ በላቲን «ደንብ» ነው (እናቷ አውቃ ይሁን እንጃ)።
«ግራሙ ከመቶ ሃያ ፍራንክ ያለፈ ይሰረዝ» አለች፤
ከተሰረዙት መሐል አንዲት አሚን ነበረች፣
ሁለት ቀለበቷ ባንድ ካርቦን የተጋባ።
በኮምፒዩተር ሳስገባት ከፕሮቲኑ ኪስ ውስጥ
እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ እንደ ቤተኛ።
ዋጋዋ? ስምንት መቶ አርባ።

ተሟገትኩ። ሬጉላ ቀና ብላ አላየችኝም፤
«ግራሙ ይህን ካወጣ፣
ክኒኑ የማን ጉሮሮ ሊደርስ ነው?» አለችኝ።
መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ።

ቁጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ምሳ ሰዓት ነበር፤
እሷም ተከተለችኝ፤ ወንዙን ልንሻገር
ከጀልባዋ ገባን።
ሞተር የላት፣ መቅዘፊያ የላት፣
ማዶ ለማዶ የተወጠረ ሽቦ ነው ያሰራት።
ሽማግሌው ባለጀልባ መሪዋን ሰበር አደረጋት፤
ውሃው ገፋት፤ ሽቦው ያዛት፤
በሁለቱ ጠብ መሐል ወደ ጎን ሄደች።
ቢፈቷት ነጻ ናት፤ ነጻ ወጥታ ግን
ጀርመን ትገባለች እንጂ ማዶ አትደርስም።
ይህን ያሰብኩ እኔ ነኝ። ሬጉላማ ፖም እየገመጠች
የጉልበቷን ሕመም ስታወራ ነበር።

ስንመለስ ነው የገባኝ፦ ዋጋን በነጠላ ነው ስንቆጥር የከረምነው!
ያቺ አሚን ላንዲት ጉድጓድ ብትገዛ ብክነት ናት፤
አንድ ግራም ግን ለረድፍ ይበቃል፣ ይተርፋል፤
ስምንት መቶ አርባ ለሃያ አራት ጉድጓድ ሲካፈል
ሠላሳ አምስት።

ረድፍ መስጠት ደግሞ ከነዘመዱ ማግባት ነው።
ብሮሚን ያዘሉት፣ ወፍራሞቹ አሲዶች
ከሷ ጋር ሲጣመሩ ሚዛን ይሰብራሉ።
ዘጠኙን ሸኘኋቸው፤ ለሁለቱ ራራሁላቸው፤
ግድግዳውን አፍርሼ ኬላ አቆምኩላቸው፦
ከልክ ያለፈ ይለፍ፣ ግን በነጥብ ይቀጣ፤
ሌላ በጎ ነገር ካለው ቅጣቱን ችሎ ይውጣ።

ሬጉላ ቁጥሩን አየች። «ሠላሳ አምስት?» አለች።
ብዕሯን ከጆሮዋ አወረደች፤ ፈረመች።
በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፦ «ክኒኑስ?»
ታውቃለች። ለሳህን የበጀ ሒሳብ
ለሕመምተኛ አይበጅም፤ እዚያ ረድፍ የለም፣
ኪሎ ነው የሚጠየቀው።

ሌሊት ማሽኑ ያንጠባጥባል፤ ጠብ፣ ጠብ፤
ከሷ ረድፍ ስድስቱ ደፍርሰዋል፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።
ያልተሠሩትን ሚሊዮኖች አሰብኳቸው፤
ምናልባት የምንፈልገው ከነሱ አንዱ ነው፣
ምናልባት ዋጋው መቶ ሃያ አንድ ነበር።
በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ጀልባዋ ቆማለች፤
ወንዙ ይሄዳል፤ ሽቦው ጨለማ ውስጥ
እንደተወጠረ ነው።