የአፉላ አውቶቡስ

ከኋላ ወንበር ስድብ ይወራወራሉ፤
እናት አይቀር፣ እህት አይቀር፣ በሳቅ ይንከባለላሉ።
ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።
አንዲት ሴት «ወይ ዘመን!» አለች፣ ለመስኮቱ።

አባ ይርዳው ግን ዞሩ።
ቃሏን ያውቋታል፤
ገዳሪፍ፣ የውሃ ሰልፍ ላይ፣
ጀሪካናቸውን በእርግጫ የደፋው ዘበኛ
ይቺኑ ነው የተፋባቸው።
ዛሬ ማስቲካ ማስቲካ እየሸተተች መጣች።

«እስቲ ልጄ፣ ያቺ ቃል በአማርኛ ምን ትባላለች?»

ሊዶር አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።
አማርኛው ከአያቱ የለቀመው ነው፤
«እሺ» አለበት፣ «ይማርዎ» አለበት፣
«ልያዝልዎ» አለበት፤
ለዚያች ቃል ግን ጎጆ አልሠራላትም።

«አላውቃትም፣ አባ።»
«እኔ አውቃታለሁ» አሉ፤
ከዘራቸውን አንስተው
ከመውረጃቸው አንድ ፌርማታ ቀድመው ወረዱ።